ከለተብርሃን የተዋስሁት ሥዕል

ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳ አልተናገርሁም። እናንተ የምታነቡት ሰምታችሁ ፍረዱብኝ።

በደርግ ዘመን፣ በወጣትነቴ፣ ከወረታ ወጣ ብላ ያለች የማርያም ቤተ ክርስቲያን የመቅደሷን ሥዕል እንድሥል ጠራችኝ። በወረታ ጤና ጣቢያ ለተብርሃን የምትባል ነርስ ነበረች፤ ከአዲግራት ተመድባ የመጣች ካቶሊክ። ሠዓሊ መሆኔን ሰምታ እናቷ ስትሞት የተወችላትን የወረቀት ሥዕል አሳየችኝ። እመቤታችን በሥጋዋ ስታርግ ነው። እግሯ ከደመናው ተላቋል፤ ሰማያዊ መጎናጸፊያዋን ነፋስ ይዞታል። እኛ ስንሥላት ቀጥ ብላ ትቆማለች፤ ይቺ ግን ትበርራለች። ልቤ ከደረቴ ሊወጣ ደረሰ።

«እናንተም በሥጋዋ ዐረገች ትላላችሁ?» አልኋት።

«እንላለን እንጂ፤ በዚህስ አንድ ነን» ብላ አዋሰችኝ። «አደራ፣ ከእናቴ የቀረኝ እሱ ብቻ ነው።»

ሣልሁ። መብላት ረሳሁ። ብቻዬን እየሣልሁ እስቅ ነበር። ለፍልሰታ በዓል ሲገለጥ ሕዝቡ ውኃ የተኛበትን የፎገራን ሜዳ በጭቃ እያቋረጠ ከይፋግ ሳይቀር መጣ። እልልታው ሰውነቴን ነዘረኝ። አስተዳዳሪው መምሬ ይሁኔ እንባቸውን እየጠረጉ «ልጄ፣ ይህን ከየት አገኘኸው?» አሉኝ።

«በሱባዔዬ ታየኝ» አልሁ።

ለምን እንዲህ አልሁ? ማን አስገደደኝ? ሰዉ እጄን ሊስም ተሻማ፤ እኔም ሰጠሁ። ለተብርሃን ከሴቶቹ መካከል ቆማ ሰምታኛለች።

ከሰዓት ቤቴ መጣች። «ለማንም አልናገርም። የእናቴን ሥዕል ብቻ መልስልኝ።»

ሥዕሉ ከፍራሼ ሥር ነበር። «ምን ሥዕል?» አልኋት።

«አላዋስሽኝም ትላለህ?»

«እኔ ከካቶሊክ ሥዕል አልዋስም።»

ፊቴን ትኩር ብላ አይታኝ ሄደች። እኔም ሰው እንዳያይብኝ ሥዕሉን ምድጃ ውስጥ ከተትሁት። እኔ ነኝ ያቃጠልሁት፤ በዚህ እጄ። ወረቀቱ ሲነድ እንኳ ደስታው አልለቀቀኝም፤ የሚመጣልኝን ምስጋና አስብ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ለተብርሃን ዝውውር ጠይቃ ከወረታ ወጣች። እኔን ራእይ ያየ ሠዓሊ እያሉ እስከ አንበሳሜ ድረስ ጠሩኝ።

ልጅ ነበርሁ አልልም፤ ዘመኑ አስፈራኝም አልልም። ውዳሴ ጣፈጠኝ፣ በቃ። ይቅር በሉኝ ብዬም እናንተን አልለምንም። ይቅር ማለት የምትችለው እሷ ናት፤ እኔ ደግሞ አንድ ቀን እንኳ የት ደረሰች ብዬ አልጠየቅሁም።