ጳጉሜን የረሳው ትእዛዝ

ከባለቤቴ ከቶሌራ ጋር ለመጨረሻ ጊዜ አብረን የሠራነው ሥራ የኮምፒውተር ማራገቢያ መጥረግ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ቢሮው ውስጥ ከእኛ በቀር ማንም አልነበረም። እሱ ክዳኑን ፈትቶ የእጅ ባትሪ ያዘልኝ፤ እኔ ከጌዶ ገበያ በገዛሁት የቀለም ብሩሽ አቧራውን ጠረግኩ።

«ጥጉ ላይ ቀረሽ» አለኝ።

«ባትሪውን ወደ ጥጉ ብታዞረው አይቀረኝም ነበር» አልኩት።

ክዳኑን ገጥመን፣ በሩን ቆልፈን፣ መንገድ ላይ ፓፓያ ገዝተን ቤታችን ገባን። ሰኞ ጠዋት የጫማውን ክር ሊያስር ጎንበስ እንዳለ ልቡ ቆመ።

ስለ ሞቱ ከዚህ በላይ አልጽፍም። መጻፍ የፈለግኩት አብረን ስለሠራነው ሥራ ነው። የምጽፈው ደግሞ ለእናንተ ለጸሐፊዎች፣ በተለይ ጥቁሩን ስክሪን ስታዩ ወንበራችሁን ወደ ኋላ ለምትስቡት ነው።

አምቦ ወደሚገኘው ማሠልጠኛ ተቋም በጀማሪ ጸሐፊ ታይፒስትነት የገባሁት መንግሥት በተለወጠ ሰሞን ነው። በመጀመሪያው ቀን አንድ ከባድ የጽሕፈት መኪና፣ ያገለገለ ካርቦንና አንድ ቁልል ወረቀት ሰጡኝ። የወረቀቶቹ ራስጌ አሁንም በከተማዋ የድሮ ስም «ሀገረ ሕይወት» ይል ነበር። የመጀመሪያ ሥራዬ እሱን በኤክስ እየሰረዝኩ ከላዩ «አምቦ» ብሎ መተየብ ሆነ። ያኔ የነበሩት አለቃዬ ደብዳቤ የሚያስጽፉት ከመስኮቱ እስከ በሩ እየተንጎራደዱ ነው። እሳቸው ይናገራሉ፣ እኔ እመታለሁ። በአሥር ጣቴ፣ ቁልፉን ሳላይ። ሥራዬ ይኸው ነበር፤ ጥሩም ነበርኩ።

ቶሌራ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከጉደር በጥገና ሠራተኛነት ተቀጥሮ መጣ። የመጀመሪያ ቀን የጽሕፈት መኪናዬን ከፍቶ አየና፣ «ማሽንሽ ጤነኛ ነው፤ የታመመው ሪባኑ ነው» አለኝ። ሪባኑን ቀየረልኝ። በማግስቱም ያለ ምንም ምክንያት ሊያየው መጣ። የእኔ ቤተሰቦች ኦርቶዶክስ፣ የእሱ ፕሮቴስታንት ስለነበሩ ሽምግልናው ረዘም ብሏል። የእሱ አባት በሽምግልናው ሁሉ አንድም ቃል ሳይናገሩ ተቀምጠው ከረሙ። እኛ እንደ ተቃውሞ ቆጠርነው። ለካ ከመጀመሪያው ቀን ተስማምተው ኖሯል።

ኮምፒውተር ወደ ቢሯችን ሲገባ ከጽሕፈት መኪናው ወደ እሱ ለመሸጋገር አልተቸገርኩም። ፊደሉ ያው ነው፤ የሚቀለውም እሱ ነው፤ ስህተት ሲኖር ማረሚያ ፍሉይድ አይቀባም። የተቸገርኩት ቶሌራ አንድ ያገለገለ ማሽን እኔ ወደምሠራበት ሬጅስትራር ክፍል አምጥቶ ሊኑክስ የሚባለውን ነፃ የኮምፒውተር ሥርዓት የጫነበት ጊዜ ነው። ማውስ የለውም። ሥዕል የለውም። ጥቁር ስክሪን፣ ከላይ በግራ በኩል ብልጭ ድርግም የምትል ትንሽ ሰረዝ፣ በቃ።

አብራኝ የምትሠራው ጫልቱ አየችውና፣ «ይሄ የጠንቋይ መስኮት ነው። እኔ ጴንጤ ነኝ፣ ከዚህ ጋር አታነካኩኝ» አለች። ስሙ እንደዚያው ቀረ።

ቶሌራ ትእዛዞቹን ሁሉ በቃሉ ያውቃቸዋል። ጣቶቹ ግን ሁለት ብቻ ናቸው። አንዱን ቁልፍ መትቶ ሁለተኛውን እስኪያገኝ ሻይ ይቀዘቅዛል። አንድ ቀን ትዕግሥቴ አለቀና፣ «ተነሣ፤ አንተ ተናገር፣ እኔ ልምታ» አልኩት።

ሼል የሚባለውን፣ ማሽኑን በጽሑፍ ማዘዣውን፣ የተማርኩት በዚህ መንገድ ነው። እንደ ድሮው አለቃዬ ከመስኮቱ እስከ በሩ እየተንጎራደደ ያስጽፈኛል። «ሲፒ፣ ክፍተት፣ የፋይሉ ስም፣ ክፍተት፣ የሚሄድበት ፎልደር፣ ኢንተር።» ሲፒ ማለት ገልብጥ ማለት ነው። ክፍተት የሚለውን ቃል ጮክ አድርጎ ነው የሚናገረው፤ ክፍተት ከጎደለ ማሽኑ ሁለቱን ቃል አንድ አድርጎ ያነበዋል።

በመጀመሪያው ቀን የመታሁትን ሁሉ ማሽኑ መለሰብኝ። እኔ ዓመታት የሠለጠንኩ ታይፒስት ነኝ፤ በእንግሊዝኛ ስጽፍ የመጀመሪያዋን ፊደል ትልቅ አደርጋለሁ፣ መጨረሻ ላይ ነጥብ አኖራለሁ። ጣቴ ሳያማክረኝ ነው የሚያደርገው። ማሽኑም እንዲህ ያለ ትእዛዝ አላውቅም ይላል።

«ምን አድርጌው ነው?» አልኩ።

«አሳምረሽ ጻፍሽለት። እሱ ደግሞ ውበት አያውቅም።»

ነጥቡን ትቼ፣ ፊደሏን አሳንሼ ደግሜ መታሁ። ምንም መልስ የለም።

«ዝም አለ እኮ!»

«ዝም ካለ ሠርቷል ማለት ነው። የሚናገረው ሲቸገር ብቻ ነው።»

«እህ፣ እንደ አባትህ በለኛ!» አልኩት። ቶሌራ ግድግዳ ተደግፎ ሳቀ። ከዚያ ወዲያ ማሽኑ መልስ ሳይሰጥ ትእዛዝ በፈጸመ ቁጥር፣ «አባቴ ተስማሙ» ይል ነበር።

ትእዛዞችን በአንድ ፋይል ውስጥ ደርድሮ በአንድ ጊዜ ማሠራት ሲጀምር ግራ ገባኝ። ስለ ዙር ነገረኝ፤ ትእዛዙ ራሱን እየደገመ ይሄዳል አለ። አልገባኝም። ኋላ ወደ ማባዣ ክፍሉ ወሰደኝና አሮጌ ስቴንስል፣ የማባዣውን የሰም ወረቀት፣ አሳየኝ። «ስቴንስል አንድ ጊዜ በጽሕፈት መኪና ትቆርጪዋለሽ፣ ከዚያ ማባዣውን እያዞርሽ የፈለግሽውን ያህል ታትሚበታለሽ። ዙር ማለት ይኸው ነው። ልዩነቱ እጀታውን የሚያዞረው ማሽኑ መሆኑ ብቻ ነው።» ያን ቀን ገባኝ። ስቴንስል ስትቆርጡ የተሳሳተች አንዲት ፊደል በሁሉም ቅጂ ላይ እንደምትወጣም አውቃለሁ። ይህም ልክ እንደዚያው ነው።

አንድ ክረምት መብራት ሄዶ ሲመለስ ኃይሉ በረታና የሬጅስትራሩን ሌላ ኮምፒውተር አቃጠለው። የሠልጣኞች ምዝገባ አብሮ ጠፋ። ከጉደርና ከጌዶ ሰዎችን እንደገና ጠርተን መዘገብን። አንዳንዱ በአይሱዙ ጭነት ላይ ተቀምጦ የመጣ ነበር፤ የሰማነውን ስድብ እኛ እናውቃለን። በመስከረም ቶሌራ አስቀመጠኝና እየተንጎራደደ አንድ ረጅም ትእዛዝ አስጻፈኝ። ቢሮ ሲዘጋ የዕለቱን ምዝገባ ሁሉ ሌላ ክፍል ወዳለ ማሽን ይገለብጣል፤ በየወሩ ፎልደር ለይቶ ያስቀምጣል። ማሽኑ የሚያውቀው የፈረንጅ ቀን ብቻ ስለሆነ፣ ቀኑን ወደ እኛ አቆጣጠር የሚመልስ ስሌት ከላይ ጨመረበት። ቀጥሎ ፎልደሮቹን የሚሠራው ዙር መጣ።

«ከአንድ እስከ አሥራ ሁለት» አለ።

ከአንድ እስከ አሥራ ሁለት ብዬ መታሁ።

ያ ትእዛዝ ከመስከረም ጀምሮ አንድም ቀን ሳያስቸግር ሠራ። ቶሌራ በሰኔ አረፈ።

ከሐዘን ስመለስ የሬጅስትራሩ ኃላፊ ኦቦ ደሬሳ ቢሯቸው ጠሩኝ፤ በኦሮምኛ ኦቦ አቶ፣ አዴ ደግሞ ወይዘሮ ማለት ነው። ደግ ሰው ናቸው፤ ለቅሶውም ላይ ከእኔ በላይ ያለቀሱ ናቸው። ግን ፈርተው ነበር።

«አዴ ዘነበች፣ ያንን ማሽን ከቶሌራ በቀር የሚያውቀው የለም። መስከረም ሲጠባ ባለሙያ ከአዲስ አበባ አስመጥቼ አስጠፋውና የተገዛ ፕሮግራም አስጭናለሁ። አንቺንም ወደ መዝገብ ቤት አዛውርሻለሁ፤ እዚያ ሥራው ቀለል ይላል።»

«እኔ አውቀዋለሁ» አልኩ።

«አንቺ ትመቺ ነበር እንጂ የሚናገረው እሱ ነው።»

ይህን ለክፋት አልተናገሩትም። እውነት ነበር። ብቻዬን አንድም ትእዛዝ አስቤ መትቼ አላውቅም። ያም ሆኖ የቶሌራ ሥራ ሲጠፋ ቆሜ ማየት አልቻልኩም። «ምዝገባው እስኪያልቅ ይቆይልኝ» አልኳቸው። «እሺ፤ ነገር ግን አንዴ ከቆመ በማግስቱ ይጠፋል» አሉ።

ምዝገባው የተጀመረው ጳጉሜን አንድ ቀን ነው። በረንዳው ከጠዋት ጀምሮ ሞላ። ጫልቱና እኔ ቀኑን ሙሉ መዘገብን። ወደ ማታ ሰማዩ ከጉደር በኩል ጠቆረ፤ መብራቱ ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ። ቢሮ ስንዘጋ የቶሌራን ትእዛዝ አሠራሁ።

ማሽኑ ዝም አላለም። ተናገረ። ፎልደሩ የለም፣ መገልበጥ አልቻልኩም አለ። ደግሜ አሠራሁት፤ ያንኑ ደገመ።

«ማል ታኤ?» አሉ ኦቦ ደሬሳ ከበሩ። ምን ሆነ ማለታቸው ነው።

«እያየሁት ነው።»

መብራቱ አንዴ ጠቆር ብሎ ተመለሰ። «ጌታ ሆይ፣ እነዚያን የጌዶ ሰዎች ሁለተኛ አልጠራም» አለች ጫልቱ፤ ወንበሯን ግን አስጠግታ አጠገቤ ተቀመጠች። የጠንቋዩን መስኮት በቅርብ ስታይ የመጀመሪያዋ ነበር።

የትእዛዙን ፋይል ከፈትኩ። እጄ ቁልፉ ላይ ሆኖ ይጠብቃል። የሚናገር ሰው ነበር የሚጠብቀው። እኔው ከላይ ጀምሬ ጮክ ብዬ ማንበብ ያዝኩ፤ ክፍተቱን ሁሉ ሳይቀር፣ «ክፍተት» እያልኩ። ፎልደሮቹን ወደሚሠራው ዙር ደረስኩ። ከአንድ እስከ አሥራ ሁለት። ወደ ማሽኑ ቅሬታ ተመለስኩ። የጠፋብኝ የሚለው ፎልደር አሥራ ሦስት ነው።

ሳቅ ፈነቀለኝ። ከሰኔ ወዲህ ስቄ ስለማላውቅ ጫልቱ ደንግጣ ክንዴን ያዘች።

«ዘኒ! ምነው? ውኃ ላምጣልሽ?»

«ጳጉሜን! ጳጉሜንን ረሳናት!» አልኩ።

ኦቦ ደሬሳ ገባ አሉ። አስረዳኋቸው። ስሌቱ አሥራ ሦስተኛ ወር ላይ ነን ይላል፤ ዙሩ ግን አሥራ ሁለት ፎልደር ብቻ ነው የሠራው። ቶሌራ ሲናገር፣ እኔም ስመታ፣ በሁለታችንም ጭንቅላት ውስጥ የነበረው ደመወዝ የምንቀበልበት ወር ነው። ኦቦ ደሬሳ ጥቂት አሰቡና፣ «ደመወዝ ለሌለበት ወር ማን ፎልደር ይሠራል?» አሉ። እሳቸውም ሳቁ።

አሥራ ሁለቱን አሥራ ሦስት አደረግኩት። ፋይሉን አስቀመጥኩ። አሠራሁት።

ዝም አለ።

«ቆመ እንዴ?» አለች ጫልቱ።

«አይ። አባቱ ተስማሙ።»

ቅጂው የሄደበትን ፎልደር ከፍቼ ዘረዘርኩ፤ የዕለቱ ምዝገባ ሁሉ አለ። ማሽኑን ዘጋሁት። ከጥቂት ጊዜ በኋላ መብራቱ ጭራሹን ሄደ፤ ማንም አልደነገጠም። ኦቦ ደሬሳ በስልካቸው መብራት እንድመታው ሰጥተውኝ ጠረጴዛዬ ላይ የነበረውን የዝውውሬን ደብዳቤ ረቂቅ ፈልገው አነሡና ኪሳቸው ከተቱት። «ገላቶሚ» ብለው አመስግነውኝ ወጡ። ባለሙያውም አልተጠራም።

ከዚያ በኋላ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ማሽኑን ያዝኩት። ጌዶ ላለው ቅርንጫፍ የሚሆን ሌላ ትእዛዝም ብቻዬን ጻፍኩ። እዚያ መብራት ከእኛ ቀድሞ ስለሚሄድ ቅጂው በምሳ ሰዓት እንዲሆን አደረግኩት። ጳጉሜንን አልረሳሁም።

ከሥራው የተማርኩት ይህን ነው። ትእዛዝ ስትጽፉ በእጃችሁ የለመዳችሁትን አትመኑ፤ ዓመቱን ሙሉ፣ እስከ መጨረሻው ቀን ቁጠሩ። ማሽኑ ሲናገር አትሽሹ፤ የሚለውን እስከ መጨረሻው አንብቡ።

አሁን ሐሙስ ሐሙስ በሚኒባስ ጉደር እሄዳለሁ። እዚያ የማስተምራቸው ሁለት ጸሐፊዎች አሉ፤ ከእኔ የበለጠ ይፈጥናሉ። እነሱ ይመታሉ፣ እኔ ከመስኮቱ እስከ በሩ እየተንጎራደድኩ እናገራለሁ። ክፍተት የምለው እኔ ነኝ።