አጭር ወገብ ያላት መኪና

ባለፈው ሳምንት የእህቴ የዘነቡ ልጅ ቢኒያም ሁለት ፎቶ በስልክ ላከልኝ። ሁለቱም መኪና ናቸው፤ ሁለቱም ነጭ፣ ሁለቱም ያገለገሉ። አንዷ አጠር ያለች፣ አንዷ ረዘም ያለች። ከሥሩ «አክስቴ፣ የቷን ልግዛ? አጭሯ ለመንገዳችን ትሻላለች ይሉኛል» ብሎ ጽፏል። ልጁ መሐል ሜዳ ነው የሚኖረው፤ ከዚያ እስከ ራቤል እህል ማመላለስ አስቧል። ምንም ክፉ ነገር አልጠየቀኝም። እኔ ግን ደብረ ብርሃን ቤቴ ውስጥ፣ ምሳዬ እንደቀረበልኝ፣ ደሜ ፈላ። ሽሮው እዚያው ቀዘቀዘ። «አጭሯ ለመንገዳችን ትሻላለች» ሲባል የሰማሁት ገና ልጃገረድ ሳለሁ ነበር፤ ያሉትም አባቴ ነበሩ።

አባቴ በግሼ ምድር የታወቁ በቅሎ አዋቂ ነበሩ። በቅሎ ሊገዛ እሳቸውን ሳይዝ ገበያ የወጣ ሰው እንደ ሞኝ ይቆጠር ነበር። ከንፈሯን ገልበው ጥርሷን ያያሉ፤ እግሯን አንስተው ሰኮናዋን ያንኳኳሉ፤ በመጨረሻ ሁለት መዳፋቸውን ጀርባዋ ላይ አድርገው ይጫናሉ። ጀርባዋ ካረገደ «ይቺ ወገበ ረጅም ናት፤ ገደል ላይ ትከዳሃለች» ብለው ጥለዋት ይሄዳሉ። አጭር ወገብ ያላት ግን ዳገት ትወጣለች፣ ጠባብ መንገድ ላይ ትዞራለች፣ ጭቃ አይዛትም። ስለ በቅሎ ከሆነ እውነታቸውን ነው፤ አንድም ሰው አሳስተው አያውቁም። ያ አለመሳሳታቸው ነው ጉድ ያፈላብን።

ደርግ ወድቆ አዲሱ መንግሥት ከገባ ጥቂት ዓመታት ሆኖት ነበር። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ነጥብ ሳይመጣልኝ ቤት ተቀምጫለሁ። በዚያን ጊዜ በሽተኛ ከእኛ አገር የጓሳን ደጋ አቋርጦ ወደ ጤና ጣቢያ የሚሄደው በቃሬዛ ነው፤ በሁለት ዘንግ መካከል በጠፍር በተወጠረ አልጋ። ለቃሬዛ ተሸካሚ አይለመንም። አራሽ ቢሆን ጥማዱን ትቶ፣ ገበያተኛ ቢሆን ሸክሙን መንገድ ዳር አስቀምጦ ትከሻውን ያስገባል። ማን እንደታመመ የሚጠይቀው ከተሸከመ በኋላ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ነው ያለን። ስናደድም ይህን እንዳልረሳ እጥራለሁ።

ታዲያ ሥራውን ጨርሶ የሚወጣ አንድ ድርጅት፣ ከሁለት አሮጌ መኪኖቹ አንዷን ለበሽተኛ ማመላለሻ ለሕዝቡ ልስጥ አለ። ኮሚቴ ተቋቋመ። ምረጡ ተባለ።

መኪኖቹ ራቤል ገበያ ሜዳ ላይ ጎን ለጎን ቆሙ። ጥር ነበር፤ ሰማዩ ጠርቷል፣ ነፋሱ አቧራና ገለባ እያነሣ ዓይን ያጠፋል። ሾፌሩ ታዬ ሁለቱንም ነድቷቸው ያውቃል። «አጭሯ ለጠመዝማዛ ትመቻለች፤ ሆዷም ጉብታ አይነካም» አለ። «ረጅሟ ደግሞ ብዙ ትይዛለች። ለመሆኑ እናንተ ምን ልትጭኑባት ነው?»

የሰው ሁሉ ዓይን ግን አባቴ ላይ ነበር። የኮሚቴው ሊቀመንበር «እርስዎ ይዩልን እንጂ፤ ሌላ አዋቂ ከየት እናመጣለን?» አላቸው።

አባዬ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው ዞሯቸው። ጎማውን በከዘራቸው መታ መታ አደረጉ። ጎንበስ ብለው መብራቱን አዩ፤ ጥርስ የሚያዩ ነበር የሚመስለው። ከዚያ ወደ ኋላ ሄደው በሁለት መዳፋቸው ተጫኗቸው። ረጅሟ ከሥር የሚሸከማት ባሌስትራዋ ልል ስለነበር ዝቅ አለች። አጭሯ ንቅንቅ አላለችም። በቃ፣ ፍርዱ አለቀ።

«ይቺኛዋ ወገብ የላትም። ያቺን ውሰዱ» አሉ በከዘራቸው አጭሯን እያሳዩ። «አጭሯ ለመንገዳችን ትሻላለች።»

«አባዬ፣ ቃሬዛው ይገባል?» አልኩ ከሴቶቹ መሐል።

ዞር ብለው አዩኝ። «መኪና ያገኘ ሰው ቃሬዛ ምን ያደርግለታል? በበቅሎ የሚሄድ በሽተኛ ተቀምጦ አይደለም እንዴ የሚሄደው?»

ሰው ሳቀ። ሊቀመንበሩ «ተማርኩ ብላ እኮ ነው» አለና ሳቁን አደመቀው። ታዬ ብቻ አልሳቀም። ረጅሟ መኪና በዚያው ቀን ሌላ ወረዳ ሄደች፤ አቧራዋ ከገበያው ሜዳ ላይ እስኪጠፋ ቆሜ አይቻለሁ።

እውነት ለመናገር አጭሯ ጎበዝ ነበረች። በልግ ዘንቦ መንገዱ ሲላቁጥ የጭነት መኪኖች ተቀርቅረው ሲያድሩ፣ እሷ ፍየል ይመስል እየዘለለች ትወጣለች። አባዬ ድምፅዋን በሰሙ ቁጥር ከደጃፍ ወጥተው ያያሉ። «አላልኳችሁም?» ይላሉ። ጥርሱን የታመመ ተቀምጦ ሄደ። እጁ የተሰበረ ተቀምጦ ሄደ። ሊቀመንበሩ ደግሞ ሳይታመም ተቀምጦ ሄደ፤ ለስብሰባም፣ ለሠርግም።

ነሐሴ ገባ፤ ፍልሰታ ተያዘ። ዘነቡ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ እኛ ቤት መጥታ ነበር። የገንፎው ገብስ ተቆልቶ ተፈጭቶ፣ ቅቤው ተነጥሮ ተቀምጧል። ምጡ ያዛት። ሴቶቹ «ማርያም፣ ማርያም» እያሉ አደሩ። ሲነጋ አዋላጇ ከጓዳ ወጥታ እጇን እየታጠበች «ልጁ ተጋድሟል፤ ከእኔ አቅም በላይ ነው» አለች። መኪናዋ ተጠራች።

መጣች፤ ብቻዋን ግን አይደለም። ሊቀመንበሩ ከፊት፣ ሁለት የኮሚቴ አባላት ከኋላ ተቀምጠውባታል። መንገዱን ሊያስተባብሩ ነው አሉ። የዘነቡ ባል ጌታቸውና ጎረቤቶቻችን ቃሬዛውን አንስተው ወደ ኋላ በር ተጠጉ። ዘንጉ ገባ ገባና ቆመ። ግማሹ ውጪ ቀረ። እሷን ብቻ አውርደው ወለሉ ላይ ሊያስተኟት ሞከሩ፤ በግራና በቀኝ ባሉት የብረት ወንበሮች መሐል ያለው ቦታ ጠባብ ነው፣ ቁመቱም አይበቃትም። በሩ እንዲዘጋ ጉልበቷ መታጠፍ ነበረበት። ሲያጥፏት የጮኸችው ጩኸት እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። ልቀመጥ ብላም ሞከረች፤ አልቻለችም።

«በሩን ክፍት አድርገን እንሂድ» አለ ታዬ።

«በሩ ሳይዘጋ አትንቀሳቀስም» አለ ሊቀመንበሩ። «የሕዝብ ንብረት ናት፤ ብትሰበር ማን ይጠየቃል?»

ያኔ አባቴን አየኋቸው። አንድ ቃል ከእሳቸው ይበቃ ነበር። ከዘራቸውን ተደግፈው ቆመው፣ «የመኪናዋ ጥፋት አይደለም። ጥፋቱ የአጫጫኑ ነው። እስቲ አዙራችሁ አግቧት» አሉ። ልጃቸውን ነው! እንደ ገብስ ጆንያ!

አዙረው ሞከሩ። አልሆነም። በመጨረሻ ሊቀመንበሩ ዘዴ አመጣ፤ ቃሬዛው በሰው ትከሻ ይሂድ፣ መኪናዋ ከፊት ከፊት መንገድ ትምራ አለ። መንገድ ትምራ! እዚያ አገር ተወልዶ የጓሳን መንገድ የማያውቅ ያለ ይመስል። ቀጥሎም አባቴን «እርስዎ በዕድሜ የገፉ ነዎት፤ ዝናብ አይምታዎት፣ ይግቡ» አላቸው። አባቴ ገቡ። በሩ ተዘጋ።

እንግዲህ አስቡት። ለበሽተኛ የመጣች መኪና ጤነኞች አሳፍራ ከፊት ትሄዳለች፤ በሽተኛዋ በትከሻ ትከተላለች። መንገድ ላይ ያገኘናቸው ሰዎች ትከሻቸውን እያስገቡ፣ «ማናት?» ብለው ጠየቁ። የማን ልጅ እንደሆነች ሲነገራቸው አንድ ሽማግሌ ራሱን ነቅንቆ «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይኼ ነው» አለ። እኔ የዘነቡን እጅ ይዤ ከጎን እሄዳለሁ። አንዳንዴ ትጨብጠኛለች፤ አንዳንዴ እጇ ይለቃል። ሲለቅ እሞታለሁ።

ጓሳ ላይ ስንደርስ ጉም ወረደ፤ ቀጥሎ በረዶ መጣ። ሣሩ ነጭ ለበሰ፤ ረጃጅሞቹ የጅብራ ተክሎች በጉሙ ውስጥ የቆመ ሰው ይመስላሉ። ተሸካሚዎቹ ጋቢያቸውን እያወለቁ ዘነቡ ላይ ከመሩ፣ ራሳቸው በእጀ ጠባብ ቀሩ። መኪናዋ ከፊታችን ቆማ ትጠብቀናለች። ስደርስ በመስታወቱ ውስጥ አየሁ። ሊቀመንበሩ ጾሙን እንኳ ሳይፈራ ቆሎ ይቆረጥማል። ከጎኑ አባቴ፣ ደረቅ ጋቢያቸውን ተጠቅልለው፣ ፊት ለፊት ያያሉ።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን አስቤ አይደለም ያደረግሁት። መንገዱ መሐል ገብቼ መኪናዋ ፊት ቆምኩ። ኮፈኗን በድንጋይ መታሁት። «ውረዱ!» አልኩ።

ሊቀመንበሩ መስታወቱን ዝቅ አድርጎ «አንቺ፣ የሕዝብ ንብረት እኮ ነው!» አለ።

«ሕዝቡ ያችውልህ፣ ቃሬዛ ላይ!»

ታዬ ሞተሩን አጠፋና ወረደ። ከወንበሩ ሥር ሁለት የብሎን መፍቻ አውጥቶ አንዱን ሰጠኝ፤ ሌላውን እሱ ያዘ። የኋላ ወንበሮቹን መፍታት ጀመርን። የዛገው ብሎን እምቢ ሲል ጌታቸው በድንጋይ ሰበረው። የኮሚቴ አባላቱ አንድ በአንድ ወረዱ። ሊቀመንበሩ እንደሚያሳስረኝ እየማለ ወረደ። አባቴ ብቻ ተቀምጠው ቀሩ።

«አባዬ፣ ይውረዱ» አልኩ።

«አባትሽን በሰው ፊት?» አሉ።

«ዘነቡም በሰው ፊት ናት። ይውረዱ!»

ወረዱ። ወንበሮቹን ሣሩ ላይ ጣልናቸው። ቃሬዛው ገባ፤ የዘንጉ ጫፍ በተከፈተው በር ወጥቶ በገመድ ታሰረ። እኔና ጌታቸው ከግራና ከቀኝ ይዘናት ሄድን። ስንርቅ አባቴ በረዶው ላይ ከዘራቸውን ይዘው ቆመው ነበር። አጭሯ መኪና ደግሞ፣ አይ ጉድ፣ እንዴት እንደበረረች! ጭቃውን ቆረጠችው፣ ዳገቱን በላችው። አባቴ ስለ መንገዱ ያሉት ሁሉ ልክ ነበር። ያ ነው ይበልጥ ያቃጠለኝ። ይህን ሁሉ መሄድ ስትችል ጠዋቱን ሙሉ ከፊታችን ስታዘግም ነበር የዋለችው።

ዘነቡ ተረፈች። ልጁ አልተረፈም፤ ወንድ ነበር። ሐኪሙ «ትንሽ ቀደም ብላችሁ ቢሆን» ብሎ ጀምሮ ወደ ዘነቡ ተመለሰ። እናታችን ለገንፎ ያስፈጨችው ዱቄት ለልቅሶ የመጣ ሰው ተመገበው።

አባዬ በማግስቱ ረፋድ ላይ በእግራቸው ደረሱ፤ ጭቃው እስከ ጉልበታቸው ወጥቷል። የጤና ጣቢያው በር ላይ አገኙኝ። መጀመሪያ የጠየቁኝ ስለ ዘነቡ አልነበረም። «ዳገቱን እንዴት ወጣችው?» አሉኝ፤ መኪናዋን። በሩ ላይ ትቻቸው ገባሁ። ዛሬ ሳስበው ስለ ልጃቸው መጠየቅ ፈርተው ይሆናል። ይሁን። ፈርተውም ቢሆን አልማርኳቸውም።

በኋላ ሽማግሌዎች መጡ። አባቴን በአደባባይ አዋርጃለሁና ድንጋይ ተሸክሜ እግራቸው ላይ ልውደቅ ተባለ፤ የአገሩ ወግ ነው። «ድንጋይ የሚሸከም ካለ ከእኔ በፊት ሌላ ሰው አለ» አልኩ። ሽማግሌዎቹ እያማተቡ ወጡ። ዘነቡ ራሷ «ለእኔ ስትይ ተይው፤ አባታችን ናቸው» ብላ ለመነችኝ። እሷ እንዲህ ናት፤ በማንም ላይ ቂም አትይዝም። ስለዚያ ቀን ከዚያ ወዲያ ክፉ ቃል ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። እኔ ደብረ ብርሃን ሥራ አግኝቼ ሄድኩ። አባዬ በሸመገሉ ጊዜ ላስታምማቸው ተመልሻለሁ፣ አጥቤያቸዋለሁ፣ ሲሞቱም አልቅሼላቸዋለሁ። ድንጋዩን ግን እኔም እሳቸውም ሳንሸከም ተለያየን።

ይህን ሁሉ ለቢኒያም በስልክ አልነገርኩትም። ከዚያ ልጅ በኋላ የተወለደ ነው፤ ምን አጠፋ? ደውዬ «ከመግዛትህ በፊት እናትህን ይዘሃት ሂድ። ከኋላ አስተኛት። ጉልበቷን ካጠፈች መኪናዋን ተዋት» አልኩት።

ሳቀ። «አክስቴ፣ እህል እኮ ነው የምጭነው!»

«አንድ ቀን ሰው ትጭናለህ። የምልህን አድርግ።»

ትናንት ከሰዓት በኋላ ዘነቡ ደወለች። ድምፅዋ ከብረት ሣጥን ውስጥ የሚወጣ ይመስላል።

«ረጅሟ ውስጥ ተኝቻለሁ» አለችኝ።

«እግርሽስ?»

«ዘርግቼዋለሁ።»

«በሩስ?»

«ተዘግቷል።» ከዚያ፣ በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ከእሷ ሰምቼው በማላውቀው ድምፅ፣ «ያኔ አባዬ ገበያው ላይ እንዲህ አንድ ሰው አስተኝቶ ማየት አቅቷቸው ነው?» አለችኝ።