በመስኮት የወጣው ታርጋ

ዱዎል ሞተር የገዛ ዕለት ጋምቤላ ከተማ ውስጥ ያላየው ሰው ቢኖር በወባ የተኛ ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን ክላክሱን ሰምቷል። ነድቶት አይደለም። የድሮው ታርጋ ከድሮው መንግሥት ጋር አብሮ ስላበቃ፣ በአዲሱ ክልል ስም አዲስ ታርጋ ሳያወጣ መንገድ ላይ ማስነሳት ክልክል ነበር። ስለዚህ ገፋው። ከሻጩ ከመምህር ተሰማ ግቢ ተነስቶ ባሮ ድልድይ አጠገብ ወዳለችው ኪራይ ቤቱ በአቋራጭ ቢሄድ ላቡ ጠብ ሳይል ይደርስ ነበር። እሱ ግን በገበያው ዞረ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ዞረ፣ በሆቴሉ በረንዳ ፊት ለፊት ሁለቴ አለፈ። ሰው ሲያይ ክላክስ፣ ሰው ሲያጣም ክላክስ።

መምህር ተሰማ ወደ አገሩ ወደ ጎሬ ሊዛወር ዕቃውን እየሸከፈ ስለነበር ቁልፉን ሲያስረክበው፣ «አደራ፣ ዘይቱን እንዳትረሳ» ብሎት ነበር። ዱዎል አልሰማውም፤ የሞተሩን ጀርባ እየደባበሰ ነበር። ኑዌር ዘንድ ጎረምሳ ለአቅመ አዳም ሲደርስ በሬ ይሰጠዋል። ለበሬው ስም ያወጣለታል፣ ይዘፍንለታል፣ ቀንዱ ላይ ዘርፍ ያንጠለጥልለታል። የዱዎል በሬ በጦርነቱ ጊዜ ከድንበሩ ማዶ ቀረ። እነሆ ከስንት ዘመን በኋላ ሁለተኛ በሬ አገኘ! መልኩ ዳማ ስለሆነ «ሉዋል» አለው፤ በቋንቋቸው የዳማ በሬ ስም ነው። መሪው ላይ ጥቁር ዘርፍ አሰረለት፤ ዘፈነለትም። ድምፁ ጥሩ ነው ብዬ አልዋሽም።

ይህ ሰው በወረቀት የሰው አገር ሰው ነው። የተወለደው ናስር በሚባለው የሱዳን ከተማ አካባቢ ነው። ባሮ ድንበሩን ሲሻገር ስሙን ይቀይራል እንጂ ውሃው ያው ነው፣ ዓሣውም ያው ነው፣ በዳርቻው የሚነገረው ቋንቋም ያው። ዱዎል ግን ቢሮ በገባ ቁጥር «የውጭ ዜጋ» ይባላል፤ የመኖሪያ ፈቃዱንም በየጊዜው ያሳድሳል። ሥራው የእጅ ፓምፕ ጥገና ነው። የቤተ ክርስቲያኑ የውሃ ፕሮጀክት ቀጥሮት፣ እስከ ኢታንግ ባሉት መንደሮች አንድ ፓምፕ ተበላሸ ሲባል ትልቁን መፍቻ ትከሻው ላይ አድርጎ በእግሩ ይሄዳል። ሞተር ያስፈልገዋል ቢባል ማንም አይከራከርም።

ዋናው ምክንያት ግን መፍቻው አልነበረም፤ ኛሩአች ነበረች። ኢታንግ ላይ ፓምፕ ሲጠግን ጀሪካኗን ይዛ ቆማ፣ «ቶሎ አትጨርስ እንጂ» አለችው። ከዚያ ወዲህ የኢታንግ ፓምፕ ጤና አጣ፤ በየሳምንቱ ይበላሻል። ልጅቷ ናት የምትሰብረው እየተባለ ቢታማም በዓይኑ ያየ የለም። ኢታንግ የሚያሳድጓት አጎቶቿ በጥሎሹ ከብት ተስማሙ፤ የዱዎልም ወንድሞች እሺ አሉ። የቀረችው እናትየዋ ናት።

እናትየዋ ኛዴንግ ትባላለች፤ ጋምቤላ ገበያ ደረቅ ዓሣ የምትሸጥ፣ ከተማው ውስጥ የራሷ ቤት ያላት ባሏ የሞተባት ሴት ናት። የመጀመሪያ ልጇን ኛሉዋክን ወንዙን ተከትሎ ከማዶ የመጣ ሰው አግብቶ ወሰዳት። ጦርነቱ ተከተለ፤ ወሬዋም ጠፋ። እስከ ዛሬ ኛዴንግ ከማዶ የመጣ ነጋዴ ባየች ቁጥር ዓሣዋን ትታ ትጠይቃለች። ስለዚህ ለዱዎል በኛሩአች በኩል የላከችበት ቃል አጭር ነበር፤ «ከብት ተነድቶ ይሄዳል፤ ሰውም ተነድቶ ይሄዳል። እዚህ አገር መዝገብ ላይ የተጻፈ ነገር ይኑረው። ታርጋውን በዓይኔ ሳላይ ሠርግ የለም።»

ታርጋ የሚሰጠው ደግሞ ዘርአብሩክ ነው። ከደጋ የመጣ፣ ጋምቤላ ገና አንድ ክረምት ያልከረመ፣ መነጽሩን በላብ የሚያጥብ ደግ ሰው ነበር። አንድ አመል ነበረበት፤ ማስታረቅ ይወዳል። ጎረቤት ተጣላ ሲባል ምሳውን ትቶ የሚሮጥ፣ ካላስታረቀ እንቅልፍ የማይወስደው ዓይነት። ዱዎልን፣ «የውጭ ዜጋ ስለሆንክ የሚያውቅህ የከተማው ነዋሪ ቀርቦ ዋስ ይሁንህ» ብሎት ነበር። «ነገ ዛሬ እንዳትል፣ ነገ ለዕረፍት ወደ አገሬ ልወጣ ነው። እስክመለስ ዝናቡ መንገዱን ይዘጋዋል።»

ዱዎል ዋስ ፍለጋ ከተማውን አካለለ። ፓስተሩ ለጉባኤ ጎግ ሄዷል። የሥራ ባልደረባው ኦባንግም ዘማሪ ነኝ ብሎ ተከትሎታል። ከሰዓት በኋላ ባዶ እጁን ተመልሶ፣ እየገፋ ያመጣውን ሉዋልን መስኮቱ ሥር አቁሞ ቢሮው ውስጥ እንደ ችግኝ ተተክሎ ሳለ በሩ ተከፈተና አንዲት ሴት የዓሣ ቅርጫቷን ታቅፋ፣ የቀበሌ መታወቂያዋን ከፍ አድርጋ ይዛ ገባች።

«ዋስ ማጣቱን ገበያ ላይ ሰማሁ፤ ዋስ እኔ ነኝ» አለች ኛዴንግ።

ዱዎል ድምጿን ሲሰማ ወደ ፋይል ቁም ሳጥኑ ዞሮ አፍንጫውን ከቆርቆሮው ጋር አጣበቀ። ምን ያድርግ? ኑዌር ሚስቱ ልትሆን ከታጨችው ልጅ እናት ጋር ፊት ለፊት አይቆምም። መንገድ ላይ ቢያገኛት መንገዱን ትቶላት ሣር ውስጥ ይገባል። ስሟን አይጠራም። በፊቷ እህል መቅመስማ አይታሰብም። ኛዴንግም ወጉን ታውቃለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ሁለቱ ጀርባ ለጀርባ ቆሙ፤ ዘርአብሩክ መሃል ላይ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጧል።

«እማማ፣ ይህን ሰው ያውቁታል?»

«አውቀዋለሁ።»

«እስቲ ይዩትና ይንገሩኝ፤ እሱ ነው?»

«እሱ ነው።»

«ግድግዳውን እኮ ነው የሚያዩት!»

«ግድግዳው ጥሩ ነው» አለች ኛዴንግ።

ዘርአብሩክ መነጽሩን አስተካከለ። «አንተስ? እኚህ ሴት ማን ይባላሉ?»

«ስም መጥራት አልችልም ጋሼ» አለ ዱዎል ለቁም ሳጥኑ።

«ለእሱ ንገረው» አለች ኛዴንግ፣ «ቁልፉን ያሳይህ።»

«እዚሁ አጠገብዎ ቆሞ የለም እንዴ!»

«አንተ ንገረው።»

ዘርአብሩክ ብዕሩን አስቀመጠ። ፊቱ በራ ማለት ይቻላል። የማህተሙን ሳጥን መሳቢያ ውስጥ ከትቶ ቆለፈና፣ «ገባኝ» አለ። «ተኳርፋችኋል።»

«አልተኳረፍንም!» አሉ ሁለቱም በአንድ አፍ፤ አንዷ ለግድግዳው፣ አንዱ ለቁም ሳጥኑ።

«የማልረዳ መሰላችሁ? እኔ ባልና ሚስት አስታርቄያለሁ፣ ወንድማማች አስታርቄያለሁ። እናንተን አቃተኝ ብዬ አገሬ ልግባ?» ወደ ጸሐፊዋ ወደ አቢጋኤል ዞሮ፣ «እስቲ ከሻይ ቤቱ አንድ ትልቅ ዳቦና ሻይ አምጪልኝ» አላት። ከዚያ ወደ ሁለቱ ጀርባዎች፣ «ከአንድ ዳቦ ቆርሳችሁ፣ ተጎራርሳችሁ፣ ይቅር ለእግዚአብሔር ትባባላላችሁ። ማህተሙ ያኔ ይወጣል።»

ተጎራርሳችሁ! ከአማቱ እጅ ጉርሻ! ሊያስረዳ ሞከረ፤ ግን የሚያውቀው አማርኛ የፓምፕ አማርኛ ነው፤ ብሎን፣ ጎማ፣ ፍታ፣ እሰር። ለአማት ክብር የሚሆን ቃል መፍቻ ሳጥኑ ውስጥ የለም። እንደ ምንም ብሎ፣ «ጋሼ፣ እኔ እሷን... በጣም አከብራለሁ» አለ።

«ካከበርካቸው ብላ!» አለ ዘርአብሩክ።

ዳቦው መጣ፤ ትኩስ ነበር፣ ሽታው ሆድ ያባባል። ዱዎል ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰም። ዘርአብሩክ በሩን ዘግቶ ጀርባውን አስደገፈበትና ዳቦውን ለሁለት ገመሰው። ቢበላ ታርጋው በእጁ ነው፤ ኛሩአች ግን ሄደች። ባይበላ ታርጋ የለም፤ ታርጋ ከሌለ ያው ኛሩአች የለችም። ዘርአብሩክ ግማሹን ለኛዴንግ አስያዘና ትከሻዋን በቀስታ ይዞ ወደ እሱ ያዞራት ጀመር። ሌላው ግማሽ ወደ ዱዎል አፍ እየቀረበ ነው።

መስኮቱ በሙቀቱ ምክንያት ወለል ብሎ ተከፍቶ ነበር። ዱዎል ዕድሜ ልኩን ቁመቱ ከየበሩ መቃን ጋር ሲያጋጨው የኖረ ሰው ነው፤ በዚያች ሰዓት ግን ቁመቱ ካሰው። መዝለል እንኳ አላስፈለገውም። አንድ እግሩን አነሳ፣ ሁለተኛውን አስከተለ፣ ውጭ ነው። እግሩ መሬት ሲነካ ግን ተንገዳግዶ ሉዋል ላይ ወደቀ፤ ክላክሱም ግቢውን በጩኸት ሞላው።

«አዩ እማማ!» አለ ዘርአብሩክ ዳቦው በእጁ እንዳለ፣ ልቡ ተሰብሮ። «ይህን ያህል ነው ጥላቻው!»

ኛዴንግ ግን እየሳቀች ነበር። በሳቅ ብዛት ቅርጫቷን አስቀመጠች፣ ወገቧን ያዘች፣ ከዚያ እልልታዋን ለቀቀችው። «ሮጠ! ከእኔ ሮጠ!»

«እልል የሚያሰኘው ምኑ ነው?»

«ስማ፣ ደገኛ» አለች እንባዋን እየጠረገች። «እኛ ዘንድ ሰው በአማቱ ፊት አይበላም። የበላ ሰው ሚስት የለውም። አንተ ዳቦ ስታመጣ እኔ ፈራሁ። ለታርጋ ብሎ ይበላል አልኩ፤ ልየው ብዬ አልነገርኩህም። ቢበላ ልጄን አልሰጠውም ነበር። አልበላም፤ ሮጠ! ጥሩ ልጅ ነው። አምጣ ወረቀት፣ ልፈርም።»

ዘርአብሩክ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ። ግድግዳውን አየ፣ ቁም ሳጥኑን አየ፣ መስኮቱን አየ። አቢጋኤል አፏን በእጇ ሸፍና ትከሻዋ ይርገፈገፋል። ቀስ ብሎ እሱም ሳቅ ጀመረው፤ መነጽሩን እስኪያወልቅ ሳቀ። «ስትከባበሩ እንዲህ ከሆናችሁ፣ ስትጣሉ እንዴት ልትሆኑ ነው?»

«ስንጣላማ» አለች ኛዴንግ፣ «ፊት ለፊት ነው።»

የቀረው ሥራ በመስኮት ተሠራ። ኛዴንግ ውስጥ ፈረመች፤ ወረቀቱ በመስኮት ወጥቶ ዱዎል ሉዋል ጀርባ ላይ አስደግፎ ፈረመ፤ ወረቀቱ ተመለሰ፣ ማህተሙ ከመሳቢያው ወጥቶ አረፈበት። ሊብሬው በመስኮት ወጣ። ታርጋውም በመስኮት ወጣ፤ ቀለሙ ገና የሚሸት አዲስ ታርጋ። ዱዎል መጀመሪያ ሳመው፣ ከዚያ ኪሱ ውስጥ ባለው መፍቻ እዚያው አሰረው። ዘርአብሩክ ዳቦውም እንዳይቀር ብሎ ግማሹን በመስኮት አቀበለው። ዱዎል ከግድግዳው ወዲያ፣ ኛዴንግ ከግድግዳው ወዲህ በሉ፤ ዘርአብሩክ መስኮቱ ላይ ቆሞ አንዴ ወደ ውስጥ አንዴ ወደ ውጭ እያየ ፈገግ አለ። አንድ ዳቦ ቆርሰዋል እኮ፣ ምን ይፈልጋል?

«አሁን ንገረው» አለች ኛዴንግ አፏን ጠርጋ፣ «ኢታንግ ያድርሰኝ። ለልጄ እኔው ራሴ እነግራታለሁ።»

ዱዎል ይህን ሲሰማ ደነገጠ። በኋላ ግን አሰበበት። ሞተር ላይ የሚነዳው ሰው ወደ ፊት ያያል፤ የኋላው ሰው የሚያየው ጀርባ ነው። በአባቶች ዘመን ሞተር ስላልነበረ የከለከለም የለም። የዓሣ ቅርጫቱን መሃላቸው አስሮ ራሱን ወደ ባሮ አዞረ፤ ኛዴንግ ወጣችና ቅርጫቱን ግጥም አድርጋ ያዘች። ሉዋል አጓራ። ከተማው በሙሉ ወጥቶ አያቸው፤ ዘርአብሩክ ከመስኮቱ እጁን ያውለበልባል።

ከከተማው ወደ ኢታንግ መውጫው ላይ ኬላ አለ፤ ገመድ ተወጥሮ አንድ ፖሊስ ቆሟል። ታርጋውን ጎንበስ ብሎ አየ፣ ቀና ብሎ ዱዎልን አየ። ግንባሩ ላይ የተሰመረውን የኑዌር ጠባሳ፣ ቁመቱን፣ መፍቻውን አየ። «ይሄ ከማዶ የመጣው አይደለም እንዴ?»

«የኛ ነው» አለች ኛዴንግ ከቅርጫቱ ጀርባ።

«ሞተሩን አይደለም እናቴ፤ ሰውየውን ነው የጠየቅኩት።»

«ሰውየውን ነው ያልኩህ።»

ገመዱ ወረደ። ዱዎል ሉዋልን አስነስቶ ጥቂት እንደሄደ ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ አቧራ ነው እንዳይል ዝናብ ጥሎ ነበር። በዚህ አገር ይህን ሁሉ ዘመን ሲኖር ማንም እንዲህ ብሎት አያውቅም። ዞሮ እንዳያመሰግናት መዞር ክልክል ነው፤ ሊያናግራት ማናገር ክልክል ነው። ስለዚህ በቋንቋቸው ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ሉዋል፣ ሰማህ?» አለ።

ከኋላው ኛዴንግ ወንዙ ወደሚወርድበት፣ ኛሉዋክ ወደሄደችበት ወደ ምዕራብ እያየች ነበር። ከዚያ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ሉዋል» አለች፣ «ለልጄ ንገረው። ሠርጉ እሁድ ነው።»

ዱዎል መልስ መስጠት አይፈቀድለትም። አውራ ጣቱን ክላክሱ ላይ አሳረፈ፤ ኢታንግ እስኪገቡ ድረስም አላነሳውም።