አሥራ ሁለቱ ቀንድ አውጣዎች

በጃንሆይ ዘመን አርብ ገበያ በምትባል ከተማ በጤና ረዳትነት ስሠራ እንደዚያ ወንዝ ያንገበገበኝ ነገር የለም። ከላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ያጥባሉ፤ የሕፃን ጨርቅ ሳይቀር። ከታች ደግሞ አገሩ ሁሉ የሚጠጣውን ይቀዳል። ከጤና ጣቢያው ደጅ ተቅማጥ የያዘው ሕፃን ጠፍቶ አያውቅም። ማጠቢያው ከመቅጃው በታች ይውረድ ብዬ ለወረዳው ገዥ አመለከትኩ። እሳቸው ግን ወራጅ ውሃ አይረክስም ባይ ናቸው፤ ማስረጃ አምጣ አሉኝ።

እንዶድ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል አውቃለሁ። ከረግረጉ አሥራ ሁለት ለቅሜ፣ በወንፊት በተከደነ ቅርጫት አድርጌ መቅጃው ላይ አስቀመጥኩ። ከሞቱ፣ የእጥበቱ እድፍ መጠጫችን ድረስ እንደሚመጣ ገዥው በዓይናቸው ያያሉ። ማሳቸው ከወንዙ የሚዋሰን አንድ ሽማግሌ ቅርጫቱን እንዲጠብቁልኝ ለመንኳቸው። «አደራዎን፣ አንድም እንዳይጎድል» አልኳቸው። ምነው አፌን በቆረጠው!

ጥምቀት ሲቃረብ ወንዙ በአረፋ ነጣ። እኔም ደስ ብሎኝ ገዥውን ይዤ ወረድኩ። ቅርጫቱን ብከፍተው አሥራ ሁለቱም በሕይወት አሉ፤ አንዱማ ቀንዱን አውጥቶ ወንፊቱን ይወጣል። ገዥው እስኪበቃቸው ሳቁብኝ። ውሃው ንጹሕ ነው፣ ማጠቢያውም ባለበት ይቆይ ብለው በቅሏቸው ላይ ወጡ።

ሽማግሌው ፊታቸው በርቶ ጠጋ አሉኝ።

«ሁለት ጊዜ አለቁብኝ። ሁለት ጊዜ ከረግረጉ ለቅሜ ተካሁልህ። በስተርጅና የመንግሥት አደራ በላ ልባል እንዴ?»

አደራ ያልኩት እኔ፣ መሞታቸውን እንደምፈልግ ያልነገርኳቸውም እኔ። ገዥውን ሮጬ ደረስኩባቸውና ነገሩን አስረዳሁ። ሲያቅትህ ሽማግሌ ምስክር ታቆማለህ ብለው በቅሏቸውን ኮለኮሉ። እንዲያ በንዴት የተንጨረጨርኩበትን ቀን አላስታውስም።

ከበዓሉ በኋላ ሽማግሌው የልጅ ልጃቸውን ታቅፈው ጤና ጣቢያ መጡ። የሕፃኑ ዓይን ጎድጉዷል፣ ለማልቀስም አቅም የለው። መድኃኒቱን ሰጥቼ፣ ከእንግዲህ የወንዙን ውሃ ሳታፈሉ እንዳታጠጡት አልኳቸው።

ሽማግሌው ግራ ተጋብተው አዩኝ።

«ስለምን ይፈላል ልጄ? ንጹሕ ነው ብለው ገዥው አልፈረዱም?»