የእጸገነት ግጥም በጀማነሽ ጣት

ጀማነሽ ዘፈን የምታስታውሰው በጣቷ ነው። ዕድሜዋን መሥሪያ ቤት ተቀምጣ የሰው ደብዳቤ ስትመታ ስለኖረች፣ የሰማችው ነገር ጆሮዋ ላይ አይቀርም፤ ወርዶ ጣቷ ላይ ያርፋል። ታክሲ ውስጥ ዘፈን ሲከፈት ጣቶቿ ጉልበቷ ላይ ይራመዳሉ። ለቅሶ ቤት ሙሾ ሲወርድ ነጠላዋ ሥር ሆነው ይከተላሉ። ጎረቤቶቿ «ጀሙ ደግሞ ፒያኖዋን ጀመረች» እያሉ ይስቁባታል፤ እሷም አብራ ትስቃለች። መምታቷን ግን አታቆምም።

ከመሥሪያ ቤቱ ከተሰናበተች በኋላ ካዛንቺስ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብላ ባለች የቆርቆሮ ሱቅ ውስጥ ኮምፒውተር፣ ማተሚያና ፎቶ ኮፒ አስገብታ የጽሕፈት ሥራ ጀመረች። ቀን ቀን ማመልከቻ፣ የኪራይ ውል፣ የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ ትጽፋለች። አመሻሹ ላይ ሱቋን ትቆልፍና ጎኗ ያለው አዝማሪ ቤት ገብታ፣ ለስላሳዋን ይዛ ከማእዘኑ ትቀመጣለች። የምትሄደው ለሌላ አይደለም፤ ለእጸገነት ነው።

እጸገነት በልጅነቷ ከመቀሌ የመጣች፣ በሁለት ቋንቋ የምትገጥም፣ ሰው ገና በሩን ሲያልፍ አካሄዱን አይታ ስንኝ የምታለብስ፣ እንግዳ «ተቀበይ» ብሎ የወረወረላትን ስንኝ አሳምራ የምትመልስ ዘፋኝ ነበረች። ውኃ ይዞ የተቀመጠ ሰው እንኳ ይሰክርባታል። አንድ ሐምሌ፣ ዝናቡ ጣሪያውን ሲደበድብ፣ አንድ ሰውዬ ኮቱን ራሱ ላይ ጥሎ ብቻውን ሊወጣ ሲል አየችና፣ ማሲንቆውን በእጇ ምልክት አስቁማ እንዲህ አለች፦

ከካዛንቺስ ማዶ ዝናቡ ሲመጣ፣
ጃንጥላ ሳይኖረው ልቤ ብቻ ወጣ።

ሰውየው ከበሩ ተመልሶ ተቀመጠ። የጀማነሽ ጣቶችም ጠረጴዛው ሥር ሁለቱን መስመር መትተው ጨረሱ።

በ1996 ዓ.ም. እጸገነት የእንቅርት ቀዶ ሕክምና ተደረገላት። ጤናዋ ተመለሰ፤ ድምፅዋ ግን በዚያው ቀረ። የተረፋት ሹክሹክታ ብቻ ነው፤ ጆሮን ካላስጠጉት የማይሰማ። የቤቱ ባለቤት ሰው አክባሪ ነበርና አላሰናበታትም፤ ካሸር አድርጎ፣ ትዘፍንበት በነበረው መድረክ ፊት ለፊት አስቀመጣት። እዚያ ሆና አዳዲሶቹ ልጆች የእሷን ግጥም ግማሹን ረስተው፣ ግማሹን አጣመው ሲዘፍኑት ትሰማለች።

«ሞቼ ቢሆን እኮ ይሻል ነበር» አለቻት አንድ ቀን ለጀማነሽ። «የሞተ ሰው ግጥሙ ሲበላሽ አይሰማም።»

«ምን ሆኖ ይበላሻል? እኔ ጋ አለ።»

«የት አንቺ ጋ?»

ጀማነሽ ሁለት እጇን ዘረጋችላት። «እዚህ። ዓለም እንዲያነበው አደርጋለሁ። ድረ ገጽ እሠራልሻለሁ።»

«ድረ ገጽ ደግሞ ምንድን ነው?»

«በቃ፣ በሩ የማይዘጋ አዝማሪ ቤት በዪው።»

እጸገነት ያን ቀን ሂሳብ ተሳሳተች ይባላል፤ ከደስታ ብዛት።

መናገር ቀላል ነበር። ጀማነሽ የድረ ገጽ አሠራር የተማረችው ጽሑፍ ሊያስመቱ ከሚመጡ የኮምፒውተር ተማሪዎች አፍ እየለቀመች ነው። ነጻ ቦታ የሚሰጥ አንድ የፈረንጅ ድርጅት አገኘች። የስልክ መስመሩ ወደ ኢንተርኔት ሲገባ መጀመሪያ ይጮኻል፣ ቀጥሎ ያጓራል፣ ከዚያ ዝም ይላል፤ ዝምታው ገባሁ ማለት ይሁን ጠፋሁ ማለት ለመለየት ብዙ ጊዜ ፈጀባት። መጀመሪያ ሰሞን መስመሩን ከፍታ እዚያው ላይ ትጽፍ ነበር። መብራት እልም ሲል፣ ከቀትር ጀምሮ የመታችው ስንኝ ሁሉ አብሮ እልም ይላል። ኋላ ብልሃቱን አወቀች፤ ሁሉንም አስቀድሞ ጽፎ፣ ሁለት ቦታ አስቀምጦ፣ ከዚያ መደወል። የእጸገነትን ፎቶ እንዳለ የሰቀለች ጊዜ ደግሞ ሥዕሉ እንደ መጋረጃ ከላይ ወደ ታች ቀስ እያለ ነበር የሚወርደው፤ መጀመሪያ ፀጉሯ፣ ቆይቶ ግንባሯ።

«ዓይኔ ላይ ሊደርስ ሲል ተቋረጠ» አለች እጸገነት አጠገቧ ቆማ። «አሁን ዓለም የሚያውቀኝ በፀጉሬ ነው።»

ጀማነሽ ፎቶውን አሳነሰችው። በቀይ መደብ ላይ ነጭ ጽሑፍ አደረገች። ሁሉም ሲያልቅ፣ ለማረጋገጥ፣ የቀድሞ ባልደረባዋ ጃለኔ ጋ መሥሪያ ቤት ሄዳ አስከፈተችው። ፊደሉ እንደ በዓል ልብስ ጥርት ብሎ ወጣ። ጃለኔ ጮክ ብላ አነበበችው፦

መብራቱ ሲጠፋ ሁሉም ሰው ተነሣ፣
በጨለማ ያየህ ዓይኔ እንዴት ይርሳ።

ቢሮው ውስጥ የነበሩት ሁሉ ዞረው አዩ። ጀማነሽ ልቧ ዐረፈ።

ከገጹ ግርጌ የእንግዳ መዝገብ ነበረ፤ ያነበበ ሰው ቃሉን ጥሎ የሚሄድበት። ጀማነሽ ሱቋን እንደከፈተች መጀመሪያ የምታየው እሱን ሆነ። ከሳምንታት በኋላ አንድ ሰው በእንግሊዝኛ «ግሩም ገጽ ነው፤ በጣም ወደድኩት፤ ደግሜ እመጣለሁ» ብሎ ጽፎ አገኘች። ሱቁን ሳትቆልፍ ሮጣ ለእጸገነት ነገረቻት። እጸገነት ያን ሳምንት ኩል ተኳለች። ከዚያ ሌሎችም መጡ፤ ስማቸው ይለያይ እንጂ ቃላቸው አንድ ነው፤ ከሥሩም ሁሌ አንድ አድራሻ አለ። ጀማነሽ አድራሻውን ተከትላ ብትሄድ ክብደት መቀነሻ ክኒን ወደሚሸጥበት ገጽ ወሰዳት። ዘጋችው። ለእጸገነት አልነገረቻትም።

በአማርኛ ግን ዝር ያለ ሰው የለም። ዓመቱ አለፈ፤ ሁለተኛውም። እጸገነት በፊት በየማለዳው «ዛሬስ ሰው መጣ?» ትል ነበር። ቆይቶ በሳምንት አንዴ ሆነ። ቆይቶ መጠየቁን ተወችው፤ ጀማነሽን የጎዳት ከጥያቄው ይልቅ ይሄ ነው። ጥያቄው ሲመጣ ቢያንስ «ገና ነው» ይባላል።

በ1999 ዓ.ም. ሰኔ ላይ እጸገነት ራሷ ወደ ሱቁ መጣች። አልተቀመጠችም።

«ጀሙ፣ አውርጂው።»

«ምኑን?»

«ስሜን። በር ላይ አቁመሽ አታስለምኚኝ። ሰው አልፈለገውም። ሲወደድልኝ የኖረው ድምፄ ነበር፤ ግጥሙ አልነበረም። እሱን አወቅሁ፣ በቃ።»

ጀማነሽ ከወንበሯ ተነሣች። ይህች ሴት ድምፅዋን ያጣች ዕለት እንኳ እንዲህ አላለችም። «ትንሽ ታገሺኝ» ብትላትም እጸገነት ራሷን ነቀነቀች። «ነገ» ብላ ወጣች።

በማግስቱ ለመንገድ ሥራ ሲቆፈር የሰፈሩ የስልክ መስመር ተቆርጦ ዋለ። ቃል ቃል ነውና ጀማነሽ ታክሲ ይዛ ሜክሲኮ ወረደች፤ አንድ አዲስ ኢንተርኔት ቤት ገባች። ባለቤቱ ጅብሪል ጎልማሳ ነው፤ ወንበር ስቦላት፣ አድራሻውን ራሱ ጻፈላት። ከመሰረዟ በፊት ለመጨረሻ ጊዜ ልታየው ፈለገች።

ገጹ ተከፈተ። ቀዩ መደብ አለ። የእጸገነት ፎቶ አለ። ከፎቶው ሥር ግን ግጥም የለም። የፈረንጅ ፊደል፣ ነጠላ ሰረዝ፣ የገንዘብ ምልክት፣ ራሳቸው ላይ ቆብ የደፉ የማታውቃቸው ፊደላት፤ ከእጅ አምልጦ እንደተበተነ ምስር።

«የኔ ወንድም፣ ማሽንህ ታሟል» አለችው።

ጅብሪል ጎንበስ ብሎ አየ። «ማሽኑ ደህና ነው እትዬ። ይሄ የተጻፈው በድሮው የአማርኛ ፎንት ነው። ፎንቱ ያልተጫነበት ኮምፒውተር ላይ እንዲህ ነው የሚመጣው።»

«መሥሪያ ቤት ይነበባል እኮ። በዓይኔ አይቻለሁ።»

«እዚያ ፎንቱን የጫነው ማነው?»

ራሷ ጀማነሽ ነበረች። ከመሰናበቷ በፊት እዚያ ቢሮ ባለ ማሽን ሁሉ ላይ የጫነችው እሷ ነች።

«ሌላው ሰውስ?»

«ሌላው የሚያየው ይሄንን ነው። ማለቴ… አይቶ ይዘጋዋል፣ ምን ያድርግ? አሁን ዩኒኮድ የሚባል አለ። በሱ ቢጽፉት አዲስ ኮምፒውተር ሁሉ ያነበዋል። መጻፊያውን በፍላሽ እሰጥዎታለሁ።»

ጀማነሽ ማውሱን እንደያዘች ቆየች። መሰረዣው እዚያው ፊቷ ነው። ይህን ሁሉ ዘመን በሩን ወለል አድርጋ ከፍታ፣ መብራቱን ግን ሳታበራ እንግዳ ስትጠብቅ ኖራለች። ኀፍረቱ ፊቷን አቃጠለው። ከኀፍረቱ ሥር ግን ሌላ ነገር ሽቅብ እየመጣባት ነበር፤ ደስታ ብላ ልትጠራው ደፈረች። እጸገነትን የናቃት ሰው የለም። የሰማትም የለም።

ከሜክሲኮ በስታዲየም አድርጋ እስከ ካዛንቺስ በእግሯ ሄደች። ነገሩን በምን ቃል እንደምትነግራት ስታወጣና ስታወርድ፣ ሳታስበው አዝማሪ ቤቱ በር ላይ ደረሰች። ቤቱ ገና አልተከፈተም፤ ወንበሮቹ ጠረጴዛ ላይ ተገልብጠዋል። እጸገነት ባንኮኒውን በጨርቅ ትወለውላለች።

«አወረድሽው?»

«አላወረድኩትም።»

«ጀማነሽ።» ሙሉ ስሟን የምትጠራት ስትቆጣ ነው።

«መጀመሪያ ስሚኝ። ሰው አልጠላሽም። አላነበበሽም። ጥፋቱ የኔ ነው።» ሁሉንም ነገረቻት፤ ፎንቱን፣ ምስሩን፣ ጅብሪልን።

እጸገነት ጨርቁን አስቀመጠች። «እና ይህን ሁሉ ጊዜ የት ነበር ስዘፍን የኖርኩት?»

«እኔ ሱቅ ውስጥ።»

«ላንቺ ብቻ?»

«ለኔና ለጃለኔ።»

የእጸገነት ትከሻ ተንቀጠቀጠ። ጀማነሽ ለቅሶ መስሏት ልትይዛት ስትል፣ ሳቅ ኖሯል፤ ድምፅ የሌለው ሳቅ። «ያ ፈረንጁስ? በጣም ወደድኩት ያለው?»

ጀማነሽ ወለሉን አየች። «ክኒን ሻጭ ነው። የውፍረት።»

«እኔ እኮ ኩል ተኳልኩለት።»

«አውቃለሁ።»

«ለምን ደበቅሽኝ?»

«ኩሉ ያምርብሽ ነበር።»

ሳቁ ቀስ ብሎ አለቀ። እጸገነት ባንኮኒው ላይ ያለውን እርጥብ በጣቷ ታሰምርበት ጀመር። ከንፈሯም ይንቀሳቀሳል። ጀማነሽ ጆሮዋን አስጠጋች፦

ደብዳቤ ጻፍኩልህ በማታውቀው ፊደል፣
መልስ ነፈገኝ ብዬ ቆየሁኝ ስበደል።

ድምፅዋ ከሄደ ወዲህ የገጠመችው የመጀመሪያው ነው። «ይሄኛው ከላይ ይግባ» አለች እጸገነት፣ ጨርቋን መልሳ አንሥታ።

ክረምቱን እንደ አዲስ ጻፉት። ጅብሪል የሰጣት መጻፊያ የፊደል አቀማመጡ ከለመደችው የተለየ ነበርና፣ የጀማነሽ ጣቶች በስተርጅና ትምህርት ቤት ገቡ፤ «ልቤ» ልትል «ለበ» ይወጣባታል። እጸገነት ከሰዓት በኋላ እየመጣች አጠገቧ ትቀመጣለች። ጀማነሽ ታነብላታለች፤ እሷ ታጠራለች። «እሱን ተይው፣ ለባለመኪናው ሰውዬ ስል ያልኩት ነው።» «ይሄ ይቆይ፣ ይሄ የእውነት ነው።» ግጥሙ በግማሽ ቀነሰ፤ የቀረው ግን ራሷ የመረጠችው ሆነ። ጀማነሽ ደግሞ ሱቋ ለሚመጣ ተማሪ ሁሉ፣ ሳይጠይቃት፣ የሠራኸውን ገጽ በራስህ ማሽን አይተህ አትመነው፤ ከማታውቀው ሰው ማሽን ላይ ክፈተው ትለው ጀመር።

እሷም በየኢንተርኔት ቤቱ ከፈተችው፤ ሜክሲኮ ላይ፣ ስታዲየም አካባቢ፣ ላንቻ። ሁሉም ዘንድ ይነበባል። ላንቻ ላይ ገጹን ሳትዘጋው ወጣች፤ ረስታው ይሁን ሆን ብላ ራሷም አታውቅም።

መስከረም ሲብት፣ አንድ ጠዋት፣ የእንግዳ መዝገቡ ላይ አማርኛ ተጽፎ አገኘች። ጻፊው ገለታ እባላለሁ ይላል። ጀማነሽ አንብባ አልጨረሰችም፤ ሄዳ እጸገነትን እጇን ይዛ አመጣቻትና ወንበር ላይ አስቀምጣ አነበበችላት፦

«ተቀበይ እጸገነት።

ደብዳቤሽ ደረሰኝ ላንቻ ተቀምጬ፣
አነበብኩት ዛሬ ሻዬን እየጠጣሁ።»

ጀማነሽ እንባ ይመጣል ብላ መሃረብ አዘጋጅታ ነበር። እጸገነት ግን ግንባሯን ቋጠረች።

«ድገሚው እስቲ።»

ደገመችላት።

«ቤት አይመታም» አለች እጸገነት።

«እጹ፣ ሰውየው ዘፋኝ አይደለም። መጣ እኮ።»

«መምጣቱንማ መጣ። ታዲያ እንዲህ እያነከሰ ልሸኘው?» ዓይኗን ጨፈነች። ደጅ አንድ ወያላ ለስታዲየም ይጣራል። ከዚያ ያቺ ሹክሹክታ መጣች፦

ደብዳቤሽ ደረሰኝ ላንቻ ላይ ተቀምጬ፣
አነበብኩት ዛሬ ከሻይ ጋር አላምጬ።

«አረሙኝ ብሎ ቢከፋውስ?»

«ስንኙን አሳምረው ሲዘፍኑለት የሚከፋው እንግዳ አይቼ አላውቅም። ጻፊለት። ስትጨርሺ ደግሞ ተቀበል በይው፤ የኔን ገና አላልኩም።»

ጀማነሽ የገለታን ስንኝ መትታ ጨረሰች፤ ከሥሩ «ተቀበል» ብላ ጻፈችና፣ ጆሮዋን ወደ እጸገነት አፍ አስጠግታ ጠበቀች።