እርጥብ አንሶላና ብረት

መስቀል ፍላወር አካባቢ ባለ አንድ ሆቴል፣ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ነው የምሠራው። ሥራው ከውጭ ለሚያየው ሰው ቀላል ይመስላል። ማሽን ያጥባል፣ ማሽን ያደርቃል። ከአንዱ ማሽን ወደ ሌላው የሚያሸጋግረው ግን ሰው ነው። አንሶላ ውኃ ሲጠጣ ሌላ ነገር ይሆናል፤ እርስ በርሱ ይጠላለፍና አንዱን ስስብ ሌላው ሁሉ ተግተልትሎ ይመጣል። ፎጣውማ አይነሳ። የምናጓጉዝበት ጋሪ ጥልቅ ስለነበረ የታችኛውን ለማውጣት ወገቤን አጥፌ እስከ ብብቴ እገባ ነበር።

እንዲህ እንዲህ እያልኩ ዓመታት ሄዱ። አንድ ክረምት ላይ ወገቤ ጠዋት ጠዋት አልታዘዝ አለኝ። ያኔ ካዛንቺስ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ነበር የምኖረው፤ ጫማዬን ለማሰር አልጋ ላይ ቁጭ ብዬ እግሬን በእጄ ማንሳት ጀመርኩ። ጤና ጣቢያ ስሄድ አንዲት ወጣት ሐኪም ጀርባዬን በጣቷ ጫን ጫን እያደረገች አየችኝ።

"አጥንትሽ ደህና ነው" አለችኝ። "የደከመው ጡንቻሽ ነው። ስፖርት ትሠሪያለሽ?"

ሳቄ መጣ። "ዶክተር፣ እኔ እኮ ቀኑን ሙሉ ስሸከም ነው የምውለው።"

"መሸከምና ሰውነትን ማጠንከር አንድ አይደለም" አለችና አንድ ማስታገሻ አዘዘችልኝ፤ ካገገምኩ በኋላ ደግሞ በሚያውቅ ሰው እየታገዝኩ ክብደት ማንሳት እንድጀምር መከረችኝ። ነገሩ ያን ቀን አልገባኝም። እርጥብ አንሶላ የጎዳውን ወገብ ብረት እንዴት ያድነዋል?

ይህንኑ ለሥራ ባልደረባዬ ነገርኳቸው። እሳቸው በዕድሜ እናቴን ሊሆኑ ምንም የማይቀራቸው፣ ስቀጠር ሥራውን እጄን ይዘው ያስተማሩኝ ሴት ናቸው። እትዬ እላቸዋለሁ።

"ሰው ሸክም ፍለጋ ገንዘቡን ይከፍላል እንዴ?" አሉኝ ከልባቸው ተገርመው። "እኔ ጋ ያለው አልበቃሽም?"

የሆነ ሆኖ ተመዘገብኩ። ከቤቴ ወደ ታክሲ በምወርድበት መንገድ ላይ፣ አንድ ፎቅ ምድር ቤት ውስጥ ትንሽ ጂም ነበረች። አሰልጣኙ በወጣትነቱ ክብደት አንሺ የነበረ፣ አሁን ፀጉሩ ገባ ያለ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነው። ከእኔ ጋር የጀመሩት ሴቶች የባንክና የቢሮ ሠራተኞች ነበሩ። ለሁላችንም አንድ ፕሮግራም ተሰጠን፤ በሳምንት አራት ቀን፣ ከሥራ በኋላ።

መጀመሪያ ላይ ደስ አለኝ፤ እውነቴን ነው። መስታወት ፊት ቆሜ ብረት ሳነሳ ሌላ ሰው የሆንኩ መሰለኝ። ልጆቹ "አንቺማ የተፈጠርሽለት ነው" ሲሉኝ ጭራሽ ጨመርኩበት። የቢሮ ልጆች ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው ነው የሚመጡት። እኔ ግን ጂም የምደርሰው ስስብና ሳነሳ ውዬ ነበር። በዚያ ላይ ሁዳዴ ገባ። ዕንቁላሉም ሥጋውም ቀረ፤ እኔም በባዶ ሆዴ ብረት ማንሳቱን ጀግንነት አደረግሁት።

አንድ ጠዋት የማሽኑን በር ከፍቼ አንሶላውን ብስብ እምቢ አለኝ። ደግሜ ሳብኩ። እጆቼ አልጨብጥ አሉና እዚያው እርጥቡ ወለል ላይ ቁጭ አልኩ። ሕመም አልነበረም፤ አቅም ነው ያጣሁት። የማለቅስም የምስቅም መሰለኝ።

እትዬ ከማጠፊያው ጠረጴዛ መጡ። ብብቴ ሥር ገብተው አነሱኝና፣ "ሂጂ አንቺ እጠፊ፤ መሳቡን እኔ እይዘዋለሁ" አሉኝ።

"እትዬ፣ ተዉ እንጂ። እርስዎ እንዴት አድርገው…"

"እጠፊ አልኩሽ።"

ከዚያን ቀን ጀምሮ ለብዙ ቀን እሳቸው ሳቡ፣ እኔ አጠፍኩ። ለኃላፊያችን አልተናገሩም፣ ለእኔም ውለታ አድርገው አልቆጠሩብኝም። ከዚያ ይልቅ ምሳ ዕቃቸው ከበደ። ሽምብራ ቀቅለው፣ ምስር አልጫ ሠርተው፣ ኦቾሎኒ ቆልተው እያመጡ፣ "ብረቱን ስትበዪ ከረምሽ፣ አሁን ደግሞ እህል ብዪ" ይሉኛል። ጾሙ እንዳልጎዳኝ፣ የጎዳኝ አለመብላቴ እንደሆነ ያወቅሁት በእሳቸው ምስር ነው።

ወደ ጂም የሄድኩት ለመሰናበት ነበር። አሰልጣኙ እስክጨርስ ድረስ ሰማኝና፣ "ቆይ እህቴ፣ ሥራሽ ምንድን ነው?" አለኝ።

"ሆቴል ነው።"

"እሱን ስትመዘገቢ ጽፈሻል። ሆቴል ውስጥ ምን?"

ነገርኩት። እስከዚያ ቀን እንግዳ ተቀባይ መስዬው ነበር። ከጓሮ አንድ ባዶ በርሜል እያንከባለለ አመጣ። አሸዋ የሞላበት ከረጢት ከታች ከተተበትና፣ "እስቲ እንደ ሥራሽ አድርገሽ አውጪው" አለኝ። አጎንብሼ አወጣሁት። ደግሞ ከተተው፤ ደግሜ አወጣሁ። ከጎን፣ ከኋላ እየዞረ አየኝ።

"አስቀድሜ መጠየቅ ነበረብኝ" አለ በመጨረሻ። "አንቺ እዚህ የምትመጪው ልምምድሽን ጨርሰሽ ነው። እኔ ደግሞ በላዩ ሌላ እጨምርብሻለሁ። በቃ፣ ከዛሬ ጀምሮ ሥራሽን እንደ ልምምድ እንቆጥረዋለን።"

አራቱን ቀን ወደ ሁለት አወረደው። አንደኛው በዕረፍት ቀኔ ዋዜማ፣ ሁለተኛው ሥራው ቀለል በሚልበት ቀን። ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ስለምል የሚያጎነብስ ነገር ቀነሰልኝ፤ እግርን፣ መቀመጫን፣ ሆድንና የላይኛውን ጀርባ ያዝን። ከወገቤ ሳይሆን ከዳሌዬ መታጠፍ፣ ዕቃን ወደ ደረቴ አስጠግቶ መነሳት አስተማረኝ። "ከዚህ ስትወጪ ተርፎሽ ውጪ" ይለኛል። "አሟጠሽ አትውጪ። ነገ የሚጠብቅሽ ሥራ አለ።" የቢሮ ልጆቹ ላብ በላብ ሆነው ሲወጡ እኔ እንደ ሰነፍ በጊዜ እወጣለሁ። መጀመሪያ ያሳፍረኝ ነበር። በኋላ ከድካም ብዛት የጠፋው እንቅልፌ ሲመለስ ማፈሩን ተውኩት።

ስለ ጋሪውም አንድ ነገር ነገረኝ፤ ታቹ ከፍ ቢል ወገቤ ያርፋል። ለሆቴሉ አናጢ ስለምነው ሳይውል ሳያድር ጋሪው ውስጥ ከታቹ ከፍ አድርጎ ሳንቃ ገጠመልን። ጭነቱ ትንሽ ቀነሰ፣ ምልልሱ ትንሽ ጨመረ፤ ወገባችን ግን ዳነ። እትዬ የመጀመሪያውን ቀን ሳያጎነብሱ ፎጣ ሲያወጡ ቀና ብለው አዩኝ። "ይህን ያሰበ ሰው እግዜር ይስጠው" አሉ። እኔም መሳቡን መልሼ ተረከብኳቸው።

በቀጣዩ ክረምት የእትዬ ባለቤት ታመሙ። ጋሼ ድሮ ለገሃር ባቡር ጣቢያ ዕቃ ጫኝና አውራጅ ነበሩ፤ አሁን ግን ሳምባቸው ተይዞ፣ እግራቸው ከድቷቸው አልጋ ላይ ውለዋል። የሚኖሩት ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም፣ ስድስተኛ ፎቅ ላይ ነው። አንድ እሑድ እትዬ ደወሉልኝ። ድምፃቸው ልክ አልነበረም።

"ትንፋሽ አጠረው። ሊፍቱ አይሠራም። ማንን ልጥራ?"

ስደርስ አንድ ጎረቤታቸው፣ ጎልማሳ ሰው፣ ቀድሞ ተገኝቷል። ጋሼን በጋቢ ጠቅልለን ጠንካራ ወንበር ላይ አስቀመጥናቸው፤ እንዳይንሸራተቱ በነጠላ ከወንበሩ ጋር አሰርናቸው። ጎረቤታቸው የወንበሩን የፊት እግር ሊይዝ ጎንበስ አለ። ደረጃ ላይ ክብደቱ የሚያርፈው ከታች ባለው ሰው ላይ ነው። እትዬ ክንዱን ያዝ አደረጉትና፣ "አንተ ከላይ ሁን ልጄ፣ እሷ ከታች ትያዝ" አሉት። ወደ እኔ ዞረው ደግሞ፣ "አንቺ ታውቂበታለሽ" አሉኝ።

እንዲህ ያለ እምነት ማንም ጥሎብኝ አያውቅም።

ከዳሌዬ ታጠፍኩ፣ ወንበሩን ወደ ደረቴ አስጠጋሁ፣ ተነሳን። የኋሊት ነበር የምወርደው፤ እትዬ ከኋላዬ ሆነው በመዳፋቸው ጀርባዬን እየነኩ፣ "አንድ ደረጃ አለ… አሁን ጨረስሽ… እረፉ" ይላሉ። በየወለሉ አሳረፍናቸው። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ጋሼ ዓይናቸውን ገለጡ።

"ስንቱን ጭነት ያወረድኩት ሰውዬ፣ ራሴ ጭነት ልሁን?" አሉኝ በቀጭን ድምፅ።

"ጋሼ፣ አይናገሩ። ሲያስቁኝ ይከብዱኛል።"

ፈገግ አሉ። ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ ነበር። እኔ ግን ስለ እጆቼ አልሰጋሁም። ጭኖቼ ነደዱ እንጂ ወገቤ ትንፍሽ አላለም። ምድር ደርሰን ታክሲው ውስጥ አስገባናቸው።

ሆስፒታል ብዙ ቀን ተኙ። ዳኑ። ወደ ቤት ሲመለሱ ሊፍቱ ተሠርቶ ነበር፤ እግዜር ይመስገን፣ ስድስት ፎቅ ሽቅብስ አላውቅም። ይሁን እንጂ ተኝተው ስለከረሙ እግራቸው ሰልሏል። አሰልጣኙን ጠየቅሁት። ሐኪማቸው ከፈቀደ ከወንበር መነሳትና መቀመጥ ብቻ በቂ መጀመሪያ ነው አለኝ። ሐኪሙ ፈቀደ። እናም ከሥራ ስወጣ እየሄድኩ ጋሼን አስነሳለሁ፣ አስቀምጣለሁ። በኋላ እትዬም ጎናቸው ወንበር ስበው አብረው ይነሱና ይቀመጡ ጀመር። "የምን ስፖርት ነው፣ እንዲያው እንዳይከፋው ብዬ ነው" ይሉኛል፤ እኔ ሳልኖርም እንደሚሠሩት ግን ጋሼ አሳብቀውባቸዋል።

አሁን እትዬ ጡረታ ወጥተዋል። ጂሟ የነበረችበት ቤት ለልማት ሲነሳ አሰልጣኙ ብረቱን ወደ ቂርቆስ ወሰደው፤ እኔም ተከትዬው በሳምንት ሁለት ቀን እሄዳለሁ። ወገቤ አልፎ አልፎ ያስታውሰኛል። ያን ጊዜ አርፋለሁ፤ ማረፍን የተማርኩት ከማንሳቱ በኋላ ነው፣ ከማንሳቱም ይከብዳል። አንድ ቀን ወለል ላይ ቁጭ ስል አንስተው ያቆሙኝ ሰዎች ባይኖሩ ዛሬ ይህን ሁሉ አላወራም ነበር።

ባለፈው እሑድ ወደ ሰንጋ ተራ ሄድኩ። ጋሼ ቤተ ክርስቲያን እንሂድ አሉ። ሊፍቱ በር ላይ ስንደርስ፣ "እኔ በደረጃ ነው የምወርደው" ብለው ከዘራቸውን ቀደም አደረጉ። ክንዴን ዘረጋሁላቸው። አልያዙትም። እትዬ በዓይናቸው ተዪው አሉኝ። ጋሼ መደገፊያውን ይዘው ቀስ እያሉ ወረዱ፤ እኛ ሁለታችን ከኋላ ከኋላ ስለ ሽንኩርት ዋጋ እያወራን ተከተልናቸው።