እስክደርስ ያወራችልኝ

ወታደር ሆኖ ዲግሪ መማር ሁለት ሚስት እንደማግባት ነው፤ ሁለቱም ቅዳሜን ይፈልጋሉ። እኔ ሐረር ሳለሁ አምሳ አለቃ ነበርኩ፤ ፀጉሬ ከከዳኝ ቆይቷል፣ ጉልበቴም ደረጃ ሲያይ ማጉረምረም ጀምሯል። ቅዳሜ ቅዳሜ ማርኬቲንግ እማራለሁ። ለምን ማርኬቲንግን እንደመረጥኩ ለጠየቀኝ ሁሉ ሌላ ሌላ ምክንያት ስሰጥ ኖሬያለሁ፤ እውነቱ ግን በቅዳሜ የሚሰጥ ሌላ ትምህርት አለመኖሩ ነው።

መምህራችን ከከስክስ ጫማዬ በዕድሜ ያንሳል። ያም ሆኖ ክፍል ሲገባ እግሬ ሳላዘው ቀጥ ብሎ ይቆማል። መጀመሪያ ክፍሉ ሳቀብኝ፤ ኋላ ግን ለምዶበት አብሮኝ መነሳት ጀመረ። መምህሩ ወደ በሩ ዞር ብሎ ከኋላው ማን እየመጣ እንደሆነ ያይ ነበር።

ለቡድን ሥራ ጥንድ ጥንድ አድርጎ ሲመድበን ፈረስ መጋላ ላይ የጨርቅ ሱቅ ያላት አንዲት የሐረር ሴት ደረሰችኝ። በዕድሜ እኩያዬ ናት። የሐረር ሰው አንቱታ አያበዛምና ከመጀመሪያው ቀን "አንተ" አለችኝ፤ በማዕረግ ግን አልሰሰተችም። በመጀመሪያው ቅዳሜ ሻምበል ያለችኝ ሴት ጥቂት ቆይታ ሻለቃ አደረገችኝ። አምሳ አለቃ መሆኔን ነግሬ ባርማት፣ "ወላሂ፣ መንግሥት ዘግይቶ ነው" አለች።

ግዳጅ ላይ ውዬ ያመለጠኝን ትምህርት የምታስተምረኝ እሷ ነበረች፤ ሱቋ ውስጥ፣ በጨርቅ ጣቃዎች መሃል። እስከ ዛሬ ድረስ ፍላጎትና አቅርቦት የሚል ቃል ስሰማ አዲስ አቡጀዲ ይሸተኛል። ደንበኛ ከገባ ትምህርቱ ይቋረጣል። ለሻሽ የመጣች ሴት ለልጅ ልጇ ሰርግ የሚሆን መጋረጃ ተሸክማ ትወጣለች፤ ልጇ ራሷ ገና አላገባችም።

የመጨረሻው ኮርስ ላይ ደረስን። የጋራ ጽሑፋችንን ክፍል ፊት ቀርበን ማስረዳት ነበረብን፤ ርዕሳችን የደንበኛ አያያዝ ነው። መምህሩ ሕጉን አስቀድሞ ነግሮናል፦ ያልተገኘ ዜሮ ያገኛል፣ ኮርሱንም በሚቀጥለው ዓመት ይደግማል። እኔ ደግሞ የሚቀጥለው ዓመት የሚባል ነገር በእጄ የለም። የጦር ክፍላችን ሊዛወር ነው የሚል ወሬ ካምፑን ሞልቶታል። ያቺ ቅዳሜ ካመለጠችኝ ስንት ዓመት የለፋሁበት ዲግሪ አንድ ኮርስ ጎድሎት መቅረቱ ነው።

በዚያችው ቅዳሜ ጎብኚ አለቃ መጡ። ሻምበላችን ደግ ሰው ነበሩ፤ እድሜ ይስጣቸው፣ ትምህርቴ ከእኔ ይልቅ ያሳስባቸው ነበር። ሰልፉ እንዳለቀ እንድሄድ አስቀድመው ፈቅደውልኛል። እንግዳው ንግግር ሲጀምሩ ጢሜን ተላጭቼ ነበር፤ ሲጨርሱ በቅሏል። ሻምበሉ በዓይናቸው በሩን አሳዩኝ።

ባጃጅ ይዤ ሸዋ በር ገበያ ስደርስ ከሚኒባስ፣ ከቲማቲምና ከፍየል መሃል ተሰክተን ቀረን። ወርጄ ሮጥኩ። ዩኒፎርም የለበሰ ሰው ሲሮጥ ያየ ገበያ ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ፤ ግማሹ አብሮኝ ሮጠ። አንዲት ሽንኩርት ሻጭ ምን መጣብን ብላ ጠየቀችኝ። ፈተና ነው አልኳት። ይሄኔ እየጮኸች መንገድ አስለቀቀችልኝ።

የክፍሉን በር ስከፍት ተረኞቹ እኛ ነበርን፤ ሰዓታችንም ካለቀ ቆይቷል። እሷ ግን ገና ታወራለች። ከሱቋ ያመጣቻቸውን ጨርቆች መምህሩ ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ፣ አንዱን ሻሽ በእጁ እያስዳሰሰች ዋጋውን ገምት ትለዋለች። እኔን ስታይ ትንፋሽ እንኳ ሳትወስድ፣ "ቀሪውን ጓዴ ያቀርባል" ብላ ተቀመጠች።

ፊት ወጣሁ። ተረከዜን አጋጨሁ፣ ሰላምታ ሰጠሁ፣ አፌ ከልማዱ ሌላ አላገኘም፤

"አምሳ አለቃ እገሌ፣ የደንበኛ አያያዝን ለማቅረብ ዝግጁ ነኝ።"

የሳቀ የለም። መምህሩ ሰዓቱን አየ፣ ላቤን አየ፣ ከዚያ በእጁ የቀረውን ሻሽ አየ።

"አሳርፍ" አለ። "ያቅርቡ። ትንሽ ቢቆዩ ኖሮ ይህን ሻሽ ገዝቼው ነበር።"

ክፍሉ ፈነዳ። ምን እንዳቀረብኩ አላስታውስም፤ ጮክ ብዬ እንደነበር ግን ውጭ የነበሩት መስክረዋል።

ስወጣ ላመሰግናት ፈለግኳት፤ ሄዳለች። የሰርግ ሰሞን ነው፣ በሰርግ ሰሞን ቅዳሜ ሱቅ ዘግታ ነበር የመጣችልኝ። እኔም በማግስቱ እሄዳለሁ ስል የዝውውሩ ትዕዛዝ ደረሰና ውጤት ሳይለጠፍ ጓዛችንን ጭነን ሄድን።

የተመደብንበት ተራራ ላይ ኔትወርክ የሚገኘው አንድ ድንጋይ ላይ በአንድ እግር ሲቆም ብቻ ነበር። እዚያ ላይ ቆሜ ሳለሁ ደወለች።

"አልፈናል፣ አልሐምዱሊላህ" አለች። "ቢ ፕላስ ነው።"

"ቢዋ ያንቺ ናት፤ እኔ ፕላሷን ልውሰድ" አልኳት።

"ፕላሷም የኔ ናት፤ አንተ ዲግሪውን ውሰድ" አለችና ደንበኛ ገባ ብላ ዘጋችው።

እኔም ሳወጣ ሳወርድ የከረምኩትን ምስጋና ለተዘጋ ስልክ፣ በአንድ እግሬ ቆሜ፣ እስከ መጨረሻው አቀረብኩ። ድንጋዩን ለመረከብ ተሰልፈው የሚጠብቁት ጓዶቼ አላቋረጡኝም።